ሰሙ ሲወጣ ወርቁ ሲገባ፦ በሰም ቅርጽ ማዕድንን አቅልጦ የማፍሰስ ጥበብ፣ ጥቅሙና በጥያ አካባቢ ለቅርስ ምዝገባ ያለው ፋይዳ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በሰም ቅርጽ ማዕድንን አቅልጦ የማፍሰስ ጥበብ እንዴት እንደሚከናወን፣ ከሌሎች የአሠራር ስልቶች የሚለይባቸውን ጥቅሞችና ጉድለቶች ያብራራል። መነሻው በሶዶ ወረዳ የሚገኘው የጥያ ትክል ድንጋይ ሥፍራ ነው። ጽሑፉ ሦስት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ሰይፍ የተቀጠቀጠበትና መስቀል የፈሰሰበት ምክንያት በመጀመሪያ ደረጃ የሙቀት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ በቅኔ ትምህርት ዘወትር የምንጠቅሰው «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ ይህንኑ የአንጥረኛ ሥራ ጠብቆ ያቆየ ነው፤ ሥራውን ያላየ አንባቢ ግን ስያሜውን አጣሞ ሊረዳው ይችላል። ሦስተኛ፣ በዚህ ስልት የተሠራ ዕቃ ቅርጹ ተሰብሮ የሚወጣ በመሆኑ ምትክ የለውም፤ ስለዚህ በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ መስቀሎች አንድ በአንድ ሊመዘገቡ ይገባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሰምና ወርቅ፣ ማፍሰስ፣ አንጥረኛ፣ መጾር መስቀል፣ ጥያ፣ የቅርስ ምዝገባ

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመልካ ቁንጡሬ በኩል ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው ጥያን በመንገዱ ላይ ያገኛታል። በዚያ የሚገኘው የትክል ድንጋይ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሥፍራው 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩ፣ ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ከቅርጾቹ መካከል የጎብኚን ዓይን ቀድሞ የሚስበው ሰይፍ ነው። ጫፉን አሹሎ፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን፣ አንዳንድ ጊዜ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ ይታያል።

ስለ እነዚህ ድንጋዮች የተጻፈው አብዛኛው ጥናት የሚያተኩረው በመቃብሮቹና በምልክቶቹ ትርጉም ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የተሣለው ዕቃ ራሱ በምን ዓይነት እጅ ተሠራ? የሰይፍ ስለት ከብረት ተቀጥቅጦ የሚወጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ ሌላ የማዕድን ሥራ ነበር፤ ከመዳብና ከቅይጦቹ በማፍሰስ የሚሠራው የመጾር መስቀል። አንዱ በመዶሻ፣ ሌላው በሰም የተሠራበትን ምክንያት መረዳት ለቅርስ ባለሙያ ዕቃን የማንበብ መጀመሪያ ነው።

2. መቀጥቀጥ ወይስ ማፍሰስ፦ የሙቀት ወሰን

ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በከሰልና በእጅ ወናፍ የሚሠራ ምድጃ ግን በአመዛኙ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ድረስ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የጥንቱ ብረት አቅላጭ ከማዕድኑ አፈር የሚያገኘው ፈሳሽ ብረት ሳይሆን፣ ከዝቃጭ ጋር የተደባለቀ ስፖንጅ መሰል እብጠት ነበር። ይህ እብጠት ደጋግሞ እየጋለና እየተቀጠቀጠ ዝቃጩ ይወጣል፤ ከዚያም ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦር ወይም ሰይፍ ይሆናል። ቻይናውያን ብረትን ካርቦን በብዛት እንዲመጥ አድርገው፣ በትላልቅ ምድጃዎች አቅልጠው ማፍሰስን በጥንት ጊዜ ቢያውቁም፣ በአገራችን የቀጥቃጩ ሥራ በመዶሻ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ኖሯል።

መዳብ በ1085፣ ወርቅ በ1064፣ ብር በ962 ዲግሪ ይቀልጣሉ። መዳብ ከቆርቆሮ ማዕድን ጋር ተቀይጦ ነሐስ ሲሆን ደግሞ የመቅለጫው ሙቀት ይወርዳል፤ ከመቶ አሥር እጅ ቆርቆሮ ያለበት ነሐስ 1000 ዲግሪ ገደማ ላይ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የከሰል ምድጃና የወናፍ አቅም የሚደርስባቸው ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ዓይነት ምድጃ ይዘው የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች ቢኖሩ፣ ብረት የያዘው ቀጥቃጭ፣ ብርና መዳብ የያዘው አንጥረኛ ይሆናሉ። የጥያ ሰይፎች የመጀመሪያውን እጅ፣ መስቀሎቻችን ሁለተኛውን እጅ ይመሰክራሉ።

3. የአሠራሩ ሂደት

3.1 ሰሙ። ለሥራው የሚያስፈልገው የንብ ሰም በአገራችን የትም የሚገኝ ነው። ጠጅ ሲጣል ከማሩ ተለይቶ ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተለቅሞ፣ በውኃ ተፈልቶ፣ በጨርቅ ሲጣራ ንጹሕ ሰም ይወጣል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ በእጅ ሙቀት ግን ይለሰልሳል። ይህ ጠባዩ ነው ለቀራጭ ተመራጭ ያደረገው። በብርድ ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ስብ ወይም ዘይት፣ በሙቀት ጊዜ እንዳይልፈሰፈስ ጥቂት የዛፍ ሙጫ ሊጨመርበት ይችላል።

3.2 ቅርጹ። አንጥረኛው የሚፈልገውን ዕቃ በሙሉ መጠኑ በሰም ይሠራል። ለመስቀል ከሆነ ሰሙን ዳምጦ ስስ ገጽ ያወጣል፤ ቀዳዳዎቹን በጋለ ቢላ ይቆርጣል፤ ሐረጉንና ጉንጉኑን በመዳፉ ካሽከረከረው የሰም ክር ያበጃል። ሁለት የሰም ቁራጮችን ለማጣበቅ የጋለ መርፌ ይበቃል። የተሳሳተ ቢኖር ያንኑ አቅልጦ እንደገና ይሠራዋል። በመጨረሻም ማዕድኑ የሚገባበትን ወፍራም የሰም ጉሮሮና አየሩ የሚወጣባቸውን ቀጫጭን የሰም መስመሮች ያያይዝበታል።

3.3 ጭቃው። የመጀመሪያው ልባስ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደንብ የተነፋ ሸክላ አፈር ከከሰል ዱቄት ጋር በውኃ ተበጥብጦ በሰሙ ላይ በስሱ ይቀባል። በዚህ ልባስ ላይ የቀረ የአየር ነቁጥ ሁሉ በማዕድኑ ላይ ኪንታሮት ሆኖ ይወጣል። ልባሱ በጥላ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደረባሉ፤ የውጪው ጭቃ ጭድ ወይም እበት የተቀላቀለበት ነው። ጭዱ በእሳት ጊዜ ተቃጥሎ ጥቃቅን ክፍተት ስለሚተው፣ ጋዝ በሸክላው ግድግዳ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ዕቃው ውስጡ ክፍት እንዲሆን ከተፈለገ፣ ለምሳሌ የመጾር መስቀል ዘንግ የሚሰካበት እጀታ፣ ሰሙ አስቀድሞ በተዘጋጀ የሸክላ እምብርት ዙሪያ ይጠቀለላል።

3.4 ሰሙን ማውጣት። የደረቀው ጭቃ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በዝግታ ይሞቃል። ሰሙ ቀልጦ ይወርዳል፤ አንጥረኛው በውኃ ተቀብሎ ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል። በግድግዳው የቀረው ሰም ተቃጥሎ እስኪያልቅና ሸክላው ፍም እስኪመስል ድረስ ማቃጠሉ ይቀጥላል። ይህን ደረጃ ማሳጠር አደገኛ ነው። በሸክላው ውስጥ እርጥበት ከቀረ፣ ውኃው በቅጽበት ከ1600 ጊዜ በላይ ይዘቱን አስፍቶ እንፋሎት ይሆንና ቅልጡን ማዕድን ወደ ሠራተኛው ፊት ይረጨዋል።

3.5 ማፍሰስ። ማዕድኑ በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ ከቀለጠ በኋላ ቅርጹ ገና እንደጋለ ይፈስበታል። ቅርጹ ከቀዘቀዘ ማዕድኑ ቀጭኑን ሐረግ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይረጋል። መፍሰሱ ሳይቋረጥ በአንድ ትንፋሽ መሆን አለበት፤ ከተቋረጠ ሁለቱ ፍሰቶች ሳይዋሃዱ ስንጥቅ ይፈጥራሉ።

3.6 መስበርና ማጥራት። ዕቃው ሲበርድ ሸክላው ይሰበራል። ጉሮሮውና የአየር መስመሮቹ፣ አሁን ማዕድን ሆነው፣ ተቆርጠው ይነሣሉ። ዕቃው በሞረድ ይስተካከላል፤ ጥቃቅን መስመሮች በመቅረጫ ይቀረጹበታል፤ ከዚያም ይወለወላል።

4. አንጥረኛው የሚያውቀው ሒሳብ

ምን ያህል ማዕድን ማቅለጥ እንደሚገባ የሚታወቀው ሰሙን በመመዘን ነው። የንብ ሰም እፍጋት በኩብ ሴንቲ ሜትር 0.96 ግራም ገደማ ነው። የነሐስ 8.8፣ የንጹሕ ብር 10.5፣ የንጹሕ ወርቅ 19.3 ግራም ነው። ስለዚህ ለአንድ እጅ ሰም 9 እጅ ነሐስ፣ 11 እጅ ብር ወይም 20 እጅ ወርቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን ለዘመናት የብር ሥራ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ያገለገለውን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እንውሰድ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው በአመዛኙ መዳብ ነው። የዚህ ቅይጥ እፍጋት 10.2 አካባቢ ይሆናል። አንጥረኛው ከነጉሮሮው 5 ግራም የሚመዝን የአንገት መስቀል በሰም ቢሠራ፣ የሰሙ ይዘት 5.2 ኩብ ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን 53 ግራም ያህል ብር ይፈልጋል። ሁለት ጠገራ 56 ግራም ነው፤ የሚተርፈው 3 ግራም ለብክነት ይሆናል። ደንበኛው ሁለት ጠገራ ይዞ ሲመጣ ባለሙያው ሰሙን በዚያው ልክ አስልቶ ይሠራል ማለት ነው። በቅይጡ ያለው መዳብም የመቅለጫውን ሙቀት ከንጹሕ ብር በታች ስለሚያወርድ ሥራውን ያቀልለታል።

5. ጥቅምና ጉድለት

የስልቱ ዋና ጥቅም ቅርጹ ከዕቃው ላይ ተነቅሎ መውጣት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በአሸዋ ቅርጽ ወይም በሁለት ገጽ የድንጋይ ቅርጽ ሲፈስ፣ ሞዴሉ ተነሥቶ መውጣት ስላለበት ወደ ውስጥ የሚታጠፍ፣ የሚጠላለፍ ወይም እርስ በርሱ የሚተላለፍ ቅርጽ አይቻልም። ሰም ግን ፈሳሽ ሆኖ በጠባብ ጉሮሮ ስለሚወጣ የማይወጣበት ጥግ የለም። የኢትዮጵያ መስቀሎች መለያ የሆነው ክፍትፍት ጉንጉን በዚህ ስልት ያለ ብየዳና ያለ መጋጠሚያ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጥቅም የዝርዝሩ ጥራት ነው፤ በሰሙ ላይ የቀረ የጣት አሻራ ሳይቀር በማዕድኑ ላይ ሊታይ ይችላል። ሦስተኛ፣ የከበረ ማዕድን አይባክንም። ከወፍራም ብር ላይ ቆርጦና ሞርዶ መስቀል የሚያወጣ ሰው ብዙ ፍቅፋቂ ያወጣል፤ የሚያፈስ ሰው ግን የሚቀርበት ጉሮሮው ብቻ ነው፤ እርሱም ተመልሶ ይቀልጣል። አራተኛ፣ መሣሪያው ቀላል ነው። ሰም፣ ጭቃ፣ ጭድ፣ ከሰልና ወናፍ ሁሉም ከአካባቢ የሚገኙ ናቸው።

ጉድለቶቹም ሊታወቁ ይገባል። አንዱ ቅርጽ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፍሰቱ ቢከሽፍ ሰሙም ሸክላውም ጠፍተዋል፤ የቀናት ሥራ በጥቂት ሰከንድ ከንቱ ይሆናል። ማዕድኑ ሲረጋ ስለሚኮማተር ዕቃው ከሰሙ በጥቂቱ ያንሳል፤ ወፍራምና ቀጭን ክፍል በአንድነት ባለበት ዕቃ ደግሞ ወፍራሙ ዘግይቶ ስለሚረጋ ስርጉድ ወይም ስንጥቅ ይፈጠራል። ብዙ ጊዜና ብዙ ከሰልም ይወስዳል።

6. «ሰምና ወርቅ» ምን ይላል?

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናቱ ርዕስ ያደረገውና በየትምህርት ቤቱ የምንማረው «ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ስያሜ ከዚህ የአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው። የቅኔው ግልጽ መልእክት ሰም፣ ስውሩ ወርቅ ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ትርጓሜው «ሰም ወርቁን የሚሸፍን ልባስ ነው» ተብሎ ይነገራል። ከላይ በተገለጸው ሂደት ስንመለከተው ይህ አገላለጽ ጎዶሎ ነው። በአንጥረኛው ቤት ወርቁን የሚሸፍነው ጭቃው እንጂ ሰሙ አይደለም። ሰምና ወርቅ በአንድ ቅርጽ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተገናኝተው አያውቁም። ሰሙ ቀድሞ ይገባል፤ ለወርቁ መልክ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በእሳት ይወጣና ሥፍራውን ይለቃል።

ይህን መረዳት የቅኔውን አሠራር ይበልጥ ያብራራዋል። ሰማዒው መጀመሪያ የሚያገኘው ሰሙን ነው። ኅብረ ቃሉን ሲያሰላስል፣ ማለትም በሐሳብ እሳት ሲያሞቀው፣ የመጀመሪያው ትርጉም ይቀልጥና ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ልክ ይዞ ሌላ ትርጉም ይገባበታል። ሰሙ በደንብ ካልተቀረጸ ወርቁም አያምርም፤ ሰሙ የማይረባ፣ ወርቁ ብቻ የከበረ ነው የሚለው አስተሳሰብ ባለቅኔውንም አንጥረኛውንም ይበድላል። ስያሜው ሙያውን ጠብቆ ለእኛ ያደረሰ ሰነድ ነው ማለት ይቻላል። የሚያሳዝነው፣ ስያሜውን በክብር ስንጠራ ስያሜውን የሰጠውን ሠራተኛ ግን ስናዋርድ መኖራችን ነው። ቀጥቃጭ፣ ባለእጅ፣ ቡዳ የሚሉት ቃላት ለዘመናት የስድብ ቃላት ሆነው አገልግለዋል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በጉራጌም ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ፉጋ እየተባሉ የሚጠሩት የእጅ ባለሙያዎች ማኅበረሰቡ ያለ እነርሱ ሥራ መኖር የማይችል ሆኖ ሳለ ከመሬት ባለቤትነት የተገለሉ ነበሩ። ሙያ በንቀት ምክንያት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን ሲያቆም የሚጠፋው ዕውቀት በመጽሐፍ ተመልሶ አይገኝም።

7. የስልቱ ስፋት በዓለም

ጥበቡ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በናይጄሪያ ኢግቦ ኡኩ የተገኙት የነሐስ ዕቃዎችና ከእነርሱ በኋላ የተሠሩት የቤኒን ቤተ መንግሥት ራሶችና ሰሌዳዎች በሰም ቅርጽ የፈሰሱ ናቸው። በሕንድ ዶክራ የሚባለው የእጅ ሥራ እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ ይሠራል። በዘመናዊው ዓለምም ስልቱ አልተተወም። ዊሊያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 የወርቅ ጥርስ መሙያን በሰም ቅርጽ የማፍሰስ ዘዴን ለሙያ ባልደረቦቹ አስተዋውቋል። ዛሬ የአውሮፕላን ሞተር ተርባይን ምላጮችና የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አካላት በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ይመረታሉ፤ ጭቃው በልዩ ሴራሚክ ተተክቷል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በምህንድስና ክፍል የሚማሩት የማፍሰስ ትምህርት ከአያቶቻቸው መንደር የራቀ እንግዳ ነገር አይደለም።

8. ለጥያ አካባቢ የቅርስ ምዝገባ ያለው ፋይዳ

በሶዶ አካባቢ የጥያ ድንጋዮች በዓለም ደረጃ የታወቁ ናቸው፤ አጥር፣ ጠባቂና መዝገብ አላቸው። በዚያው ወረዳ እንደ ምድረ ከብድ ባሉ ጥንታዊ ገዳማትና በየአጥቢያው የሚገኙ የማዕድን ንዋያተ ቅድሳት ግን ከድንጋዩ ይልቅ ለመጥፋት የቀረቡ ናቸው። ትክል ድንጋይ በኪስ አይወጣም፤ መስቀል ግን ይወጣል። በቀጥታ በሰም የተሠራ መስቀል ደግሞ ሰሙም ሸክላውም ስለጠፋ ሁለተኛ የለውም። ቢሰረቅ «እንደዚያው ያለ» ማሠራት አይቻልም፤ የቀረ መግለጫ ከሌለም ቢገኝ እንኳ የማን እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል።

ስለዚህ መዝጋቢው «አንድ የነሐስ መስቀል» ብሎ ከመጻፍ አልፎ አሠራሩን ሊለይ ይገባል። ለዚህ የሚረዱ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

በሰም የፈሰሰ ዕቃ የውስጥ ጥጎቹ ለስለስ ብለው የተጠጋጉ ናቸው፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በጀርባው ጥቃቅን ጉድጓዶችና የተቆረጠ ጉሮሮ እሬት ሊታይ ይችላል፤ ማንጠልጠያው ከአካሉ ጋር ያለ ብየዳ የተዋሃደ ነው። ከዝርግ ማዕድን የተቆረጠ ዕቃ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ሲሆን በቀዳዳዎቹ ጠርዝ የመጋዝ፣ የመሮና የሞረድ ቀጥታ መስመር ይታያል። በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰው በጎኑ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ሊኖረው ይችላል። የተቀጠቀጠ ብረት የመዶሻ ገጽና የድርብርብ ንጣፍ ምልክት ያሳያል። ሁለት መስቀሎች በሁሉም ነገር ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በእጅ ከተቀረጸ ሰም ወጥተዋል ብሎ መደምደም አይገባም፤ ሰሙ ራሱ ከአንድ ማተሚያ የወጣ ወይም ዕቃው በሌላ ስልት የተባዛ ሊሆን ይችላል። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድነት ሲነበቡ ግን ፍርድ ለመስጠት ያስችላሉ።

ለምዝገባው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ሚዛን፣ ማስመሪያና ፎቶግራፍ ማንሻ። መስቀሉን ካህኑ ይዘው፣ መዝጋቢው የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የጎኑንና የማንጠልጠያውን ምስል ያነሣል። በተለይ የጀርባው ምስል ሊዘነጋ አይገባም፤ ፊቱ ሊመሰል ይችላል፣ በጀርባው ያሉት የአፈሳስ ጉድለቶች ግን እንደ ሰው አሻራ የዚያ ዕቃ ብቻ ናቸው። ከምዝገባ በፊት ዕቃውን በአሸዋ ወይም በአሲድነት ባለው ነገር መወልወል እነዚህን ምልክቶች ስለሚያጠፋ መከልከል አለበት።

9. መደምደሚያ

በሰም ቅርጽ የማፍሰስ ጥበብ ውስብስብ ቅርጽን ያለ መጋጠሚያ፣ ያለ ብዙ ብክነትና በቀላል መሣሪያ ለማውጣት የሚያስችል ስልት ነው። ዋጋው ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ጠባይ ለባለሙያው ሥጋት፣ ለቅርስ ጠባቂው ኃላፊነት ነው። የጥያ ሰይፎች በድንጋይ ላይ በመቀረጻቸው እነርሱን የቀጠቀጠው እጅ በተዘዋዋሪ ታስቧል። የመስቀሎቹ አንጥረኛ ግን የተወልን ሁለት ነገር ነው፤ ዕቃውና «ሰምና ወርቅ» የሚለው ቃል። ቃሉን በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን አንድ ጊዜ ወደ አንጥረኛ ቤት ቢወስዳቸው፣ የወረዳው የቅርስ ባለሙያም ከእያንዳንዱ መስቀል ጀርባ ያለውን ምልክት ቢመዘግብ፣ ሁለቱም ውርስ ሳይለያዩ ይቆያሉ።